ኳሱን ያቀበለው ማን ነበር?

አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። ከተማዋ አንድ ቡድን አላት፤ ከቁጥር የሚያስገባው ግን የለም። ከዚያ ቡድን መሐል አንድ ልጅ ብቅ ይላል። ዝምተኛ ነው፤ እጁ ግን አይስትም። ቡድኑ ትልልቆቹን አንድ በአንድ እየጣለ ለፍጻሜ ይደርሳል። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰኮንድ ሲቀረው ኳሷ በልጁ እጅ ትገባለች። የቀረውን አንባቢ ራሱ ይጨርሰው፤ አይሳሳትም።

ይህን ታሪክ የማያውቅ የለም። በደብረ ብርሃን ቪዲዮ ቤቶች አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ ቋንቋውን ሳንሰማ ያየነው፣ አስተርጓሚ ሳንፈልግ የገባን ታሪክ ነው። ቅርጫት ኳስ ይሁን እግር ኳስ፣ ቦክስ ይሁን ሩጫ፣ አጥንቱ አንድ ነው። ለምን እንደሚጥመንም ግልጽ ነው፤ ከዳዊትና ከጎልያድ ጀምሮ ትንሹ ትልቁን ሲጥል ማየት የማይወድ የለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ታሪኩ በዚህ መልክ ሲነገር ምን ይጎድለዋል? በበኩሌ ሁለት ነገር ይጎድለዋል እላለሁ። አንዱ ዙሪያው ነው፤ ኮከቡን ኮከብ ያደረጉት ሰዎች። ሁለተኛው ማግስቱ ነው፤ ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ያለው ኑሮ። በእነዚህ ሁለት ሚዛኖች ሁለት ፊልሞችን ልመዝን አስቤያለሁ፤ አንደኛው የሩቅ አገር፣ ሁለተኛው የሰሜን ሸዋ ልጅ ታሪክ ነው።

የሩቁ «ሁዚየርስ» ይባላል። ስሙ የአሜሪካዋ የኢንዲያና ግዛት ሰዎች መጠሪያ ነው። አንጄሎ ፒዞ ጽፎት፣ ዴቪድ አንስፓው አዘጋጅቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ለሕዝብ ቀርቧል። ሂከሪ በምትባል የገጠር ከተማ ውስጥ አንድ ያለፈ ታሪኩ የሚያሳድደው አሠልጣኝ ይመጣል፤ ጂን ሃክማን ነው የሚጫወተው። ትምህርት ቤቱ ትንሽ፣ ተጫዋቾቹ ጥቂት ናቸው። የከተማዋ ምርጥ ተጫዋች ጂሚ ቺትውድ ደግሞ አልጫወትም ብሎ ተቀምጧል።

የፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ግሩም ነው። አሠልጣኙ አንድ ሕግ ያወጣል፤ ኳሷ አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ሳትሻገር ማንም ወደ ቅርጫቱ አይወረውርም። አንዱ ልጅ ሕጉን ሲጥስ ከሜዳ ያወጣዋል። ሌላ ተጫዋች በጥፋት ብዛት ሲሰናበት እንኳ ያንን ልጅ መልሶ አያስገባም፤ በአራት ሰው ጨዋታውን ይጨርሳል። ከተማው ያብዳል። ተመልካች ግን ይገባዋል፤ ሰውዬው የሚያስተምረው ኳስ መወርወርን ሳይሆን ኳስ ማቀበልን ነው።

ታዲያ መጨረሻው ምን ይሆናል? በፍጻሜው፣ የመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች ሲቀሩ፣ አሠልጣኙ ቡድኑን ሰብስቦ አንድ ዘዴ ይነድፋል፤ ጂሚ ማዘናጊያ ይሁን፣ ኳሷን ሌላው ልጅ ይወርውር ይላል። ልጆቹ ፊታቸው ይጠቁራል፤ እርስ በርስ ይተያያሉ። ጂሚም አገባዋለሁ ይላል። አሠልጣኙ ዘዴውን ይተዋል። ጂሚ ይወረውራል፤ ያገባል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ፊልሙ አንድ ሰዓት ከምናምን ሙሉ ማቀበልን ሲያስተምር ቆይቶ በመጨረሻዋ ደቂቃ የራሱን ትምህርት በራሱ እጅ ይሽራል። አራቱ ቅብብሎሽ የት ደረሱ? እርግጥ ነው፣ የመጨረሻው ምስል በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቡድኑ ፎቶግራፍ ነው፤ አዘጋጁ ዕዳውን የሚያውቅ ይመስላል። ነገር ግን ከቪዲዮ ቤት ሲወጣ የፎቶግራፉን ፊቶች የሚቆጥር ማን አለ? ሁሉም ይዞት የሚወጣው የጂሚን እጅ ነው።

ፊልሙ የተነሣበት እውነተኛ ታሪክ ከፊልሙ ይልቅ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ1954 ማይለን የተባለች 161 ተማሪ ብቻ ያላት ትምህርት ቤት የኢንዲያናን ዋንጫ ወስዳለች። ቦቢ ፕለምፕ የተባለው ተጫዋች በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች አግብቶ መንሲ ሴንትራልን 32 ለ30 አሸነፉ። ከዚያ በፊት ግን ፕለምፕ ኳሷን እንደያዘ ከአራት ደቂቃ በላይ ሳይወረውር ቆሞ ነበር፤ ይህ የአንድ ሰው ድፍረት ብቻ አይደለም፣ የአሠልጣኝ ትእዛዝና የቡድን ትዕግሥት ነው። ደግሞም ማይለን ከሰማይ ዱብ ያለች ቡድን አልነበረችም፤ ባለፈው ዓመት ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዷ ነበረች።

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። በፊልሙ ፍጻሜ የትንሿ ከተማ ነጭ ልጆች የሚገጥሙት ግዙፍ ቡድን ጥቁር ተጫዋቾች ያሉበት ነው። በእውነተኛው ኢንዲያና ግን የተገፋው ማን ነበር? ማይለን በዚያው ዓመት በጉዞዋ ላይ ካሸነፈቻቸው አንዱ ክሪስፐስ አተክስ ነው፤ ጥቁር ተማሪዎች ተለይተው እንዲማሩበት እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ የኢንዲያናፖሊስ ትምህርት ቤት። አተክስ በኦስካር ሮበርትሰን እየተመራ እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 ዋንጫውን በተከታታይ ወሰደ፤ ጥቁሮች ብቻ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ለሁሉም ክፍት የሆነ የግዛት ዋንጫ ሲወስድ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። ደካማው ማን እንደሆነ የሚወስነው ካሜራውን የያዘው ሰው ነው ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአጋጣሚ የእኛም ዓመት 1954 ነው፤ የእነሱ በእነሱ፣ የእኛ በእኛ አቆጣጠር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ቀረበች፤ ግብፅ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል ነበር። ዋንጫውን ሁለቴ ተከታትላ የወሰደች እሷ ናት። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በፍጻሜው ኢትዮጵያን 4 ለ0 ስታሸንፍ አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም ካይሮ ላይ ያው 4 ለ0 ተደገመ።

በአዲስ አበባው ፍጻሜ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ2 አለቀ። ያገቡትን እንቁጠር፤ ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ። አራት ጎል፣ አራት ሰው! በካርቱም አንድ ሰው ብቻውን ያፈረሰንን በአዲስ አበባ አራት ሰዎች ተካፍለው ገነቡት። ይህን አንድ ደራሲ ፈጥሮ ቢጽፈው አበዛኸው ባልነው ነበር።

ሆኖም ሲተረክ ምን ሆነ? መንግሥቱ ወርቁ በዚያ ውድድር በሦስት ጎል ከከፍተኛ አግቢዎቹ አንዱ ነበር፤ ክብሩ የሚገባው ነው፣ ማንም አይነጥቀውም። ነገር ግን ከዕለታት በኋላ ፍጻሜው በብዙዎቻችን አፍ የአንድ ሰው ስም ሆነ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል፣ የአሥመራው ልጅ ሉቻኖ፣ ኋላ ተሰዶ በጣልያን ኖረ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ታሪክ ስንነግር ግን ሃምሳውንም ሎሚ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንጭናለን።

ሸክሙ ትከሻ ሲሰብር ምን እንደሚመስል የሚያሳየን ሁለተኛው ፊልም ነው። «አትሌቱ» እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ ራሰላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል ያዘጋጁት፣ ራሰላስ ራሱ አበበ ቢቂላን ሆኖ የተጫወተበት ነው። ኢትዮጵያን ወክሎ ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ቀርቦ ነበር።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በጃቶ ተወለደ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዓውደ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ገብቶ ዓለምን አስደነቀ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደገመው፤ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ከወጣ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል። የፊልሙ ትልቁ ብልሃት ሁሉም የሚያውቀውን መድረሻ አለማድረጉ ነው። የሮምና የቶኪዮ ድሎች በድሮ ፊልሞች ቁራጭ እንደ ትዝታ ብልጭ እያሉ ያልፋሉ፤ የታሪኩ እንብርት ግን መጋቢት 1961 ዓ.ም. ነው። አበበ በሰሜን ሸዋ መንገድ ላይ በሌሊት ቮልስዋገኑ ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ የሆነበት ወር። ከዚያ የእንግሊዙ ሆስፒታል፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ቀስትና ዒላማ፣ በመጨረሻም በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ተወዳድሮ ያሸነፈበት ቀን።

«ሁዚየርስ» ካቆመበት «አትሌቱ» ይጀምራል ብል አላጋነንኩም። ጂሚ ቺትውድ ካገባ በኋላ ምን እንደ ሆነ አናውቅም፤ ፊልሙም ግድ የለውም። የጃቶው ልጅ ግን እግር ከከዳው በኋላ ምን ይሆናል ተብሎ በከባድ ዝምታ ይጠየቃል። ለዚህ ነው ፊልሙን ከወደድኳቸው የስፖርት ፊልሞች ሁሉ አስበልጬ የማየው። በማግስት ሚዛን ተመዝኖ ሞልቶ ተገኝቷል።

በዙሪያ ሚዛን ግን ይቀላል። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን በስተቀር አበበ በዚህ ፊልም ውስጥ ብቸኛ ሰው ነው። ሜዳው ባዶ፣ መንገዱ ባዶ፣ በረዶው ባዶ። ዓይን ይማርካል፤ እውነቱን ግን ያጎድላል። አበበ ከባዶ ሜዳ አልወጣም። ከክብር ዘበኛ ወጣ፤ አብረውት ከሚሮጡ ወታደሮች መሐል። በሮም ሌላ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጥቷል። የዓለም ሰባተኛ! ስሙን ዛሬ ስንቱ ይጠራዋል? ደግሞ አበበ ወደ ሮም የሄደው በዋሚ ቢራቱ ምትክ እንደ ሆነ በሰፊው ይነገራል።

ከሁሉም በላይ የምቆጨው ሜክሲኮ ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ እግሩን እያመመው ማራቶኑን ጀመረ፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ከመውጣቱ በፊት ለማሞ ወልዴ ወርቁን አደራ እንዳለው ይተረካል። ማሞም አደራውን በላ አላስባለም፤ አንደኛ ወጣ። ይህ ትዕይንት ምንድን ነው? ጂሚ ቺትውድ ያልፈቀደው ማቀበል አይደለምን? የዓለም ቁጥር አንድ ኮከብ በፍጻሜው ሰዓት ኳሱን ለጓደኛው ሰጠ። አምስት ወር እንዳለፈ መኪናዋ ተገለበጠች። ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆመ ፊልም ዙሪያውንም ማግስቱንም ባንድ ጊዜ በያዘ ነበር።

ለዚህ የሚሆን ቋንቋ ከውጭ መበደር አያስፈልገንም። አበበ በልጅነቱ ገና ይጫወት ነበር። ከአንኮበር ደጋ እስከ ደብረ ብርሃን ሜዳ ድረስ በዚያ ወራት ሩር ስትመታ ማን መታት ከሚለው ይልቅ የየትኛው መንደር ልጆች መለሷት የሚለው ይበልጣል። በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም ይባላል፤ ዱላ የያዘ ሁሉ እኩል ነው፣ ትልቁም ትንሹም ይሻማል። ኮከብ የለም ማለት አይደለም፤ ፈጣኑ ልጅ ይታወቃል። ግን ብቻውን ሩሯን ከሜዳ ሜዳ አሻግሮ አያደርስም። የአበበን ሩጫ ከዚያ ጨዋታ ነጥሎ ማየት ዛፉን ያለ ሥሩ መሳል ነው።

ይህን የምለው ለፊልም ውበት ብቻ ተጨንቄ አይደለም። ታሪክ የምንነግርበት መንገድ የምንጠብቀውን ነገር ይወስናል። ኮከብ ብቻ የሚተረክለት ሕዝብ ኮከብ ሲጠብቅ ይኖራል፤ ኮከቡ እስኪመጣ ሜዳውን አያጸዳም፣ አሠልጣኙን አይጠይቅም፣ ሰባተኛ የወጣውን አይቆጥርም። ኮከቡ ሲመጣ ደግሞ ሁሉን ይጭንበታል፤ ሲወድቅም ብቻውን ይወድቃል። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሲያርፍ ቀባሪው ብዙ ነበር። ማሞ ወልዴ ግን ዓመታትን በእስር አሳልፎ በ1994 ዓ.ም. አለፈ። አቀባዩና ተቀባዩ በአንድ ዓይን አልታዩም።

የፊልም ሠሪዎቻችን፣ የልብ ወለድ ጸሐፊዎቻችን፣ የሬዲዮ ተራኪዎቻችን ስለ ስፖርት ሲነሡ ከእንግዲህ አንድ ነገር ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። ያገባውንማ ሕዝቡ ራሱ ይጠራዋል። እነሱ ያቀበለውን ይፈልጉልን።