የተጠየቀውን ታሪክ አለማስረከብ፦ የዲናው መንግሥቱ ልብ ወለዶች ከራያ ቆላ ሲነበቡ

ስለ ግል ትግልና አልበገር ባይነት የሚጻፉ የአሜሪካ መጻሕፍት ብዙዎቹ ከአንድ እምነት ይነሣሉ፤ የተበደለ ሰው መከራውን አደባባይ አውጥቶ ሲናገር ነጻ ይወጣል ከሚል እምነት። ከእኛ የሄዱ ጸሐፊዎችም ከዚህ ተጽዕኖ አላመለጡም። በልጅነቱ ከትግራይ ወደ ሱዳን መጠለያ ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ኢሊኖይ የገባው ማዊ አስገዶም «ስለ ጢንዚዛዎችና መላእክት» በተሰኘው ትዝታው እ.ኤ.አ. በ1999 በሃርቫርድ ምረቃ ላይ እስካደረገው ንግግር ድረስ ይወስደናል። አገር ቤት በሕክምና ሙያ ያገለግሉ የነበሩት አባቱ አሜሪካ ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ይሆናሉ። መጽሐፉ ለአባት ጥልቅ ፍቅር አለው፤ ዳሩ ግን ታሪኩ ወደ ልጁ ስኬት ስለሚያዘነብል የአባት ውርደት ለልጁ መወጣጫ እርከን ሆኖ ይቀራል። ዲናው መንግሥቱ የመረጠው መንገድ ከዚህ ይለያል። በእሱ ልብ ወለዶች እምቢታ ማለት አሜሪካ ከስደተኛው የምትጠብቀውን ታሪክ በተጠየቀው ልክ አለማስረከብ ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ የዚህንም ክብደት ከቆቦና ከራያ ቆላ ሆኖ የሚያነብ ሰው በቶሎ ይረዳዋል።

ዲናው እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ሴፋ እስጢፋኖስ ከአብዮቱ ሸሽቶ ዋሽንግተን የገባ፣ ሎጋን ሰርክል በሚባለው ሰፈር ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ሱቁ አያድግም፤ ሴፋም ሊያሳድገው አይጣጣርም። በአሜሪካ መለኪያ ይህ ሽንፈት ነው። ዲናው ግን ፍርዱን አይሰጥም፤ ሴፋን ከኮንጎና ከኬንያ ከመጡ ሁለት ጓደኞቹ ጋር አስቀምጦ የአፍሪካን አምባገነኖችና መፈንቅለ መንግሥታት እየቆጠሩ ሲጫወቱ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ሁለተኛ መጽሐፉ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። ዮናስ ወልደማርያም ኒውዮርክ ውስጥ ጥገኝነት ጠያቂዎችን በሚረዳ ቢሮ ተቀጥሮ የማመልከቻ ቃላቸውን ያስተካክላል፤ የደረቀውን ያለመልማል፣ የጎደለውን ከራሱ ይጨምራል። ኋላም መምህር ሆኖ አባቱ ዮሴፍ በሱዳን በኩል ያመለጠበትን ታሪክ ለተማሪዎቹ ፈጥሮ ይተርካል። ጥገኝነት የሚሰጠው ለሚያሳምን መከራ ከሆነ መከራው በአድማጩ ልክ መሰፋቱ አይቀርም፤ ዲናው የሚያጋልጠው ይህንን ስፌት ነው።

ይህን ስፌት የራያ ሰው ያውቀዋል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያሰራጩት የረሃብ ምስል ዓለምን አነቃነቀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ኮንሰርት ተካሄደ። ኮረም ከአላማጣ በላይ ዳገቱን ወጥቶ ያለ ከተማ ነው፤ ቆቦ ደግሞ ከአላማጣ በስተደቡብ፣ ሁለቱ በሚጋሩት ሜዳ ላይ ናት። ምስሉ እርዳታ አስገኝቷል፣ ነፍስም አትርፏል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን በምስሉ ውስጥ ያለው ሰው ስም አልነበረውም። ማሽላ ዘርቶ እንደነበር፣ ከደጋው የሚወርደውን የጎሊናንና የሆርማትን ጎርፍ ከጎረቤቶቹ ጋር ጠልፎ ማሳውን ያጠጣ እንደነበር፣ ከድርቁ ጋር ጦርነትም እንደ ከበበው ያ ምስል አልተናገረም። በዮናስ ቢሮ ውስጥ ከተቀመጠው ጥገኝነት ጠያቂም የሚፈለገው እንዲሁ ስምና ማሳ የሌለው መከራ ነው። ሴፋ ለደንበኞቹ ያለፈውን አለመዘርዘሩ፣ ዮናስም ማስረጃ ተብሎ የሚጠየቀውን ወደ ፈጠራ መለወጡ በዚህ በኩል ሲታይ ከግል ጠባይ ያልፋል፤ በመከራ ምስልነት ላለመታየት የሚደረግ እምቢታ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሐሰተኛ ቃል እውነተኛውን ተበዳይ አይጎዳም ወይ? ይጎዳል፤ ዲናውም ዮናስን ንጹሕ አድርጎ አያቀርበውም። ትዳሩ የፈረሰውም ከዚሁ የመፈብረክ ልማዱ ጋር ተያይዞ ነው። ልብ ወለዱ ውሸትን አያወድስም፤ ውሸቱን የወለደው ጥያቄ ከተጠያቂው ጋር አብሮ እንዲመረመር ነው የሚፈልገው። ሁለተኛው ተቃውሞ ከራያ ባህል የሚመነጭ ነው። ጎርፍ የሚጠለፈው በጋራ፣ ግድቡ የሚጠገነው በጋራ፣ በ1935 እና በ1936 ዓ.ም. የራያና የአዘቦ ገበሬዎች በቀዳማይ ወያነ ያመፁትም በጋራ ነው፤ ታዲያ የአንድ ባለሱቅ ዝምታ እንዴት እምቢታ ይባላል? መልሱ ከሦስቱ ጓደኞች ጨዋታ ይገኛል። ሴፋ ብቻውን አይጸናም፤ የሚያጸናው ያለ ማብራሪያ የሚረዱት ሁለት ሰዎች መኖራቸው ነው። ማኅበሩ በስደት ሦስት ሰው ቢያክልም ማኅበርነቱ አልጠፋም።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ግን ሙሉ በሙሉ መመለስ አልችልም። ዲናው አገሩን ሕፃን ሆኖ ስለ ለቀቀ የሚስላት ኢትዮጵያ ከከተማና ከእስር ቤት፣ ከወታደርና ከሽሽት አልፋ ወደ ገበሬው ማሳ እምብዛም አትዘልቅም። ከዚህ ሌላ፣ የራስ አንደበት የማጣት ክፍተት በማርያም ላይ ይታያል። የዮናስ እናት ማርያም ከሚደበድባት ባሏ ለማምለጥ ደጋግማ የምትሞክር ሴት ናት፤ በመጽሐፉ ውስጥ ከእሷ የበለጠ እምቢ ባይ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም ከባሏ ጋር ከፒዮሪያ ወደ ናሽቪል ያደረጉትን ጉዞ የምንሰማው ልጇ እያሰበና እየፈጠረ ሲተርከው ነው። ስለ ተፈናቃዮች ሌሎች ሲናገሩ የተመለከተ የራያ አንባቢ ዲናው ለሴፋ የሰጠውን የራስ አንደበት ለማርያም ለምን እንደ ነፈጋት ቢጠይቅ ተገቢ ነው።