«ፈታ አድርግ» እና «ፍታ»፦ በናፍጣ ሞተር ጥገና ቃላት አሰባሰብ ላይ የቀረበ ትችት

እንደሚታወቀው፣ የሙያ ቃላትን አሰያየም የሚመለከቱ ትችቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥኑት በስሞች ላይ ነው። አንድ ቃል ከግእዝ ይመንጭ፣ ከሕዝብ አፍ ይለቀም ወይስ ከውጭ ቋንቋ እንዳለ ይግባ የሚለው ክርክር ብዙ ወረቀት ፈጅቷል። እኛም የድርሻችንን ጽፈናል። ይሁን እንጂ ክርክሩ አንድ ነገር ዘወትር ያልፋል፤ ይኸውም ባለሙያው በሥራው ላይ ሳለ የሚናገረው በግሥ መሆኑን ነው። ይህን ለማሳየት የመረጥነው መስክ ምናልባት ለቋንቋ ሊቃውንት ገበታ የማይመጥን ይመስል ይሆናል፤ የአሮጌ ናፍጣ ፒክአፕ ጥገና ነውና።

ቦታውንም ሆን ብለን መርጠናል። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ የሚደርሰው መንገድ ከአንድ መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ደጋ ባለ 3ኤል ሞተር ሃይሉክስ ያለው ሰው መኪናው በሌሊት ብርድ አልነሣ ባለው ቁጥር ደሴ ድረስ ሊያስጎትተው አይችልም፤ በግቢው፣ ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ራሱ ይጠግነዋል። ዕቃ ሲጎድለው ደሴ ወዳለ የመለዋወጫ መደብር ስልክ ይደውላል። በዚያ ስልክ ላይ የተሳሳተ ቃል ማለት የተሳሳተ ዕቃ፣ የአንድ ቀን አውቶቡስና የከንቱ ወጪ ማለት ነው። መዝገበ ቃላት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ «ካንዴላ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በቤንዚን ሞተር ላይ ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ክፍል ይሰይማል። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ አያስፈልገውም፤ አየሩ ታምቆ ሲግል ናፍጣው በራሱ ይነዳል። እንደ 3ኤል ያለው ሞተር በብርድ ጊዜ የሚፈልገው ከመነሣቱ በፊት የማቃጠያውን ክፍል በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ክፍል ነው። ሁለቱም በ«ካንዴላ» ስም ከተጠሩ፣ ደዋዩ የመኪናውን ዓይነት ካልተናገረ በቀር ሻጩ የትኛውን እንደሚልክ አያውቅም። እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት ሊረዳ ይችላል፤ ግን «ካንዴላ»ን ሰርዞ አዲስ የግእዝ ስም በመትከል አይደለም። «የማሞቂያ ካንዴላ» ብሎ መለየት በቂ ነው። ባለሙያው ያለውን ቃል ይዞ ልዩነቱን ይጨምርበታል፤ ሻጩም ይሰማዋል።

በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም፤ እኛም ከጠረጴዛችን አይጠፋም። ነገር ግን አቅጣጫው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው። ራስ ቃሉ እንግሊዝኛ ሲሆን አማርኛው መልስ ሆኖ ይቀርባል። የዚህ ዓይነቱ አሠራር አንድ የማይቀር ጉድለት አለው፤ እንግሊዝኛው ያልጠየቀውን አማርኛው አይመልስም። አማርኛ ተናጋሪ መካኒክ ለሥራው የፈጠረው አገላለጽ የእንግሊዝኛ ራስ ቃል ከሌለው ወደ መዝገቡ የሚገባበት በር የለም። ስለሆነም ትችታችን በአዘጋጆቹ ትጋት ላይ ሳይሆን በአሰባሰቡ መነሻ ላይ ያነጣጠረ ነው።

በዚያ በር ሳይገቡ የቀሩት ብዙ ናቸው። ዘይት አጥሮት ወይም ከልክ በላይ ግሎ ክፍሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው የቆመ ሞተር «ነከሰ» ይባላል። ቧንቧው ውስጥ አየር የገባበት የናፍጣ ሞተር «አየር ሳበ»። ዘይት በማቃጠያው ክፍል ገብቶ እየነደደ ሲያልቅ «ዘይት ይበላል»። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን ግን «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ነው። ዛሬ ፍሬን የሚሠራው በቧንቧ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ግፊት ስለሆነ የሚበጠስ ነገር ብዙ ጊዜ የለም። ግሡ ግን ከአማርኛ የመጣ ነው። የታሰረበትን በጥሶ ከሚሮጥ ፈረስ ጋር አንድ ሐሳብ ይዟል፤ «ፍሬን ያዘ» ማለትም ልጓም ከመያዝ የራቀ አይደለም። ስሙ ጣሊያንኛ፣ ግሡ የባላገር ነው። የተርጓሚ ሥራ ይህን ማፍረስ ሳይሆን መጠበቅ ይመስለናል።

ስሞቹም ቢሆኑ እንደ መሬት ድርብ ንጣፍ አላቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ ጋር የሰፉት ቃላት በአብዛኛው የመኪናውን አካል የሚመለከቱ ናቸው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ። በላያቸው የተነጠፉት እንደ ኖዝልና ፓምፕ ያሉት ግን ከእንግሊዝኛ ናቸው፤ በእኛ አስተያየት ይህ የሆነው የጃፓን መኪናዎች ከእንግሊዝኛ የጥገና መጽሐፍ ጋር ስለመጡ ነው። ጋቢና የተባለውም ከጣሊያንኛው ካቢና ነው፤ ከጋቢ ጋር የሚያዛምደው ቢኖር ግን የጉጉፍቱን ብርድ የሚያውቅ ሰው አይፈርድበትም። አማርኛ በራሱ ሥር ያቆማቸውም አሉ። ነዳጅ፣ መሪ፣ የዘይት ማጣሪያ የሚሉት ያለ ማንም ግፊት በጋራዥ ውስጥ ይሠራሉ። ተሽከርካሪና አሽከርካሪ ደግሞ ከአዋጅና ከመንጃ ፈቃድ አልፈው ወደ ዕለታዊ ንግግር የገቡት በከፊል ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 «አሽከርካሪ» ይላል፣ መንገደኛው ግን እስከ ዛሬ «ሾፌር፣ ወራጅ አለ» ይላል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የመሣሪያ ስም ሥራው ከውጭ ሲታይ በአማርኛው ቅርጽ በቀላሉ ይያዛል። ማጣሪያ ምን እንደሚያደርግ ማንም ያያል። በሞተሩ ሆድ ውስጥ የተሰወረውን፣ በመልኩ ብቻ የሚታወቀውን ክፍል በገላጭ ሐረግ ለመሰየም መሞከር ግን ትርፉ ድካም ነው። ቴስታታን «የሲሊንደሮች ራስ መክደኛ አካል» ብንለው በመካነ ሰላም ያለው ባለ መኪና ደሴ ደውሎ ሊጠይቅበት የሚችል ቃል አልሰጠነውም።

ወደ ርእሳችን እንመለስ። አንድ ተርጓሚ ስለ ናፍጣ ማጣሪያ መለወጥ የሚናገር ምዕራፍ ቢያጋጥመው ሥራው እንደሚከተለው ነው። አዲሱ ማጣሪያ ከገባ በኋላ በማጣሪያው ራስ ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ ይጫናል። ሞተሩ አሁንም ካልተነሣ በኖዝሎቹ ጫፍ ያሉት የቧንቧ ዳዶዎች ይላላሉ፤ ሞተሩ በቁልፍ ሲዞር በክሩ በኩል አረፋ የቀላቀለ ናፍጣ ይወጣል፤ አረፋው ሲጠፋ ዳዶዎቹ ተራ በተራ ይጠብቃሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አደጋ ያለው በአንድ ግሥ ላይ ነው። ተርጓሚው «ዳዶውን ፍታ» ብሎ ከጻፈ አንባቢው ቧንቧውን ጨርሶ ይነቅላል። በዚያ ቧንቧ የሚመጣው ናፍጣ ከ100 ባር በላይ ግፊት ሊኖረው ይችላል፤ እንደ መርፌ ሆኖ ቆዳን ሊበሳ ይችላል፤ የተበሳው ሰውም ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ትክክለኛው «ፈታ አድርግ» ወይም «አላላ» ነው። አማርኛ ሁለቱን በሚገባ ለይቷል። በስልክ መመሪያ የሚሰጥ ወጣት መካኒክ ይህን ያውቃል፤ «አብሽር ጋሼ፣ ትንሽ ያላሉት፤ እንዳይፈቱት፤ እጅዎንም ያርቁ» ይላል። ልዩነቱ የሚጠፋው በጽሑፍ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የስም ዝርዝር ብቻ የያዘ ተርጓሚ ለግሡ የሚመለከተው መዝገብ የለውም።

የጭስ አገላለጽም እንዲሁ ነው። በመካነ ሰላም ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ፓምፕ አየሩ የማይችለውን ናፍጣ ይልካል፤ መኪናው ከዓባይ ሸለቆ ወደ ደጋው ሲወጣ ጥቁር ያጨሳል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን፣ በብርድ ጠዋት የሚታይ ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣን ያሳያል። ባለሙያው በቀለም ይለያል። በመጻሕፍት የምናየው «ያልተሟላ ቃጠሎ» የሚል ሐረግ ትክክል ነው፤ ግን ምን እንደሚታይ አይናገርም።

ስለሆነም አሰባሰቡ ከጋራዥ መጀመር አለበት እንላለን፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ፣ ከዚያም እስከ መካነ ሰላም ድረስ በመንገዱ ላይ ካሉት። ራስ ቃሉ አማርኛ ይሁን፤ የጣሊያንኛው ቃል በባዕድነቱ አይገፋ፤ ግሡ ከሚሄድበት ስም ጋር አብሮ ይመዝገብ። የአጻጻፍ ልዩነትም መወሰን ያለበት በዚሁ ሥራ ነው። ለምሳሌ ናፍታና ናፍጣ ሁለቱም ይጻፋሉ። እኛ ናፍጣን እንመርጣለን፤ ጣሊያንኛው ያልነበረው ጠንካራ ድምፅ መግባቱ ቃሉ በአማርኛ አፍ መታሸቱን ያሳያልና። ፍሪሲዮንና ፍሪስዮን በሚለው ላይ ግን ለጊዜው ሁለቱንም መያዝ ይሻላል።

ለናሙና አንድ ግቤት እናቅርብ፦ «ነከሰ (ሞተር)፦ ከዘይት እጥረት ወይም ከመጋል የተነሣ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ተጣብቀው መዞር አቃተው። ‹ዘይት ሳይጨመር ዐቀበቱን ስለወጣ ሞተሩ ነከሰ›። ከ‹አልነሣ አለ› ይለያል፤ አልነሣ ያለ ሞተር ይዞራል፣ የነከሰ አይዞርም።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በመዝገበ ቃላት ልማድ ከፍቺ ውጭ ነው ተብሎ ሊሰረዝ እንደሚችል እናውቃለን፤ እኛ ግን እንዲቀር እንጠይቃለን።