ዐረብኛን በግዕዝ ፊደል ስለ መጻፍ

ፊደል የቋንቋ ልብስ ነው፤ አንዱ ቋንቋ የሌላውን ልብስ ሊለብስ ይችላል። ነገር ግን የተውሶ ልብስ የሚጠብበትና የሚሰፋበት ቦታ አያጣም።

የሶርያ ክርስቲያኖች ዐረብኛ የአፍ ቋንቋቸው በሆነ ጊዜ የአባቶቻቸውን ፊደል አልጣሉም፤ ዐረብኛውን በሱርስት ፊደል ጻፉት። ይህም ጽሕፈት ከርሹኒ ይባላል። የሱርስት ፊደል 22፣ የዐረብ ፊደል 28 ስለ ሆነ የጎደለውን በነጥብ ሞሉት። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1610 ዓ.ም. በሊባኖስ በቍዝሐያ ገዳም የታተመው መዝሙረ ዳዊት ሱርስቱንና ከርሹኒውን በሁለት ዐምድ ጎን ለጎን የያዘ ነው። በአገራችንም የወሎ የእስልምና ሊቃውንት አማርኛን በዐረብ ፊደል ጽፈዋል፤ እርሱም ዐጀሚ ይባላል።

ዛሬ ደግሞ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ለሚሄዱ ወገኖቻችን ዐረብኛን በግዕዝ ፊደል የጻፉ ትንንሽ መማሪያዎች ይሸጣሉ። ፋብሪካ፣ መጋዘንና የሠራተኞች ማደሪያ ባሉበት እንደ ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ ባለ ስፍራ ለሚሠራ ሰው እንዲህ ያለው መጽሐፍ ስንቅ ነው። ስለዚህ መመርመር ይገባዋል።

ፊደላችን ለዚህ ሥራ ብዙ ሀብት አለው። አማርኛ በአፍ ያደባለቃቸው ሐ፣ ኀ፣ ዐ በዐረብኛ እየራሳቸው ድምፅ አላቸውና፣ በሥርዓት ቢጻፉ አንባቢውን ይመሩታል። ሁሉን በሀና በአ የሚጽፍ ግን በእጁ ያለውን መብራት ያጠፋል። ለዛልና ለገይን ፊደል ስለሌለን ዘንና ገን ምልክት ጨምሮ መጻፍ ያሻል።

የሚከፋው ጕድለት የማጥበቅና የማላላት ነው። በዐረብኛ «ሐማም» መሙ ሲላላ ርግብ፣ ሲጠብቅ መታጠቢያ ቤት ነው፤ በኛ ፊደል ሁለቱም አንድ ናቸው። ደግሞም «ኀምሳ» ለዐረብ አምስት ሲሆን፣ ለግዕዝና ለአማርኛ አንባቢ 50 ነው፤ ፊደሉን ማስተካከል ብቻውን ይህን አያድንም። ደመወዙን የሚነጋገር ሰው በዚህ ቢሳሳት ጕዳቱ የንባብ ጕዳት ብቻ አይሆንም። ስለዚህ ለሚጠብቀው ፊደል ከላይ ምልክት፣ ለቍጥሩም አኃዝ ሊደረግለት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን በግዕዝ ፊደል ብቻ የተማረ ሰው አፉ ዐረብኛ ሲናገር ዐይኑ አያነብም። የሥራ ውሉ፣ የመድኃኒቱ ጽሑፍ፣ የአደጋው ማስጠንቀቂያ በዐረብ ፊደል ብቻ ቢቀርብለት ዕውር ሆኖ ይቆማል፤ ያላነበበውንም ይፈርማል።

እንግዲህ መማሪያ የሚያዘጋጁ ሰዎች ሦስት ዐምድ ያድርጉ፦ ዐረብኛው በገዛ ፊደሉ፣ ንባቡ በግዕዝ ፊደል፣ ትርጓሜው በአማርኛ። ተማሪውም በመካከለኛው ዐምድ ጀምሮ፣ ጥቂት በጥቂት ወደ ፊተኛው ይሻገር።