አሥራ ሁለቱ ብልቶችና ያልተቀመሰው ጨው

በሰርግ አዳራሽ፣ በመልስ ድንኳን፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የጋብቻ ጉባኤ ላይ ስለ ትዳር ሊመክር የተነሣ ሰው ዶሮ ወጥን ሳይጠራ የሚቀመጥበት ጊዜ ጥቂት ነው። የዶሮዋ ብልት አሥራ ሁለት ነው፤ አሥራ ሁለቱ የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው፤ ሽንኩርቱ ያለ ቅቤና ያለ ዘይት በራሱ ውሃ እስኪቁላላ መጠበቅ የሚስት ትዕግሥት ነው። ታዳሚው ያጨበጭባል፣ እናቶች እልል ይላሉ። ልማዱን የሚያወድሱትም ባህልና ሃይማኖት በአንድ ድስት የተዋደዱበት ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ በዚህ ውዳሴ አልስማማም። ከማጀት ስለ ትዳርና ስለ እምነት መማር ይቻላል፤ ከሚታሰበው በላይም ይቻላል። መካሪዎቻችን ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ በሚሠራው ድስት ላይ ቆመው በየቀኑ የሚጣደውን አልፈውታል።

ከቁጥሩ እንጀምር። ዶሮን አሥራ ሁለት ቦታ መገነጣጠል የቢላዋ ሥራ ነው፤ የብልቶቹ ዝርዝርም ከቤት ቤት ይለያያል። ምሳሌው ቁጥሩን ካገኘ በኋላ ወዲያው እግሩን ይሰበስባል። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ይሁዳ ነበር፤ የይሁዳ ብልት የትኛው እንደሆነ የነገረን ግን የለም። በእርሱ ፈንታ ማትያስ ተተክቷል የሚል መልስ ቢመጣ፣ ተተኪው ብልት ከየትኛው ዶሮ ይመጣል? ቀልድ ይመስላል። ሆኖም አንድ ምሳሌ እስከ የት ድረስ ያስኬዳል የሚለው ጥያቄ በትርጓሜ ጉባኤያችን እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። የአንድምታ መምህር አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ በብዙ መንገድ ሲፈታ፣ እያንዳንዱን ፍቺ ከንባቡ ጋር ያዛምዳል። የዶሮ ወጡ ስብከት የአንድምታን ካባ ደረበ እንጂ ድካሙን አልወረሰም። ፍቺው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ሙሽራዋን የሚመለከት።

ብልት ማውጣት የሙሽራዋ ፈተና ነው ይባላል፤ ሙሽራው የሚፈተንበት ድስት የለም። ይህ ወቀሳ የታወቀ ስለሆነ አላረዝመውም። የሚገርመኝ ስብከቱ ከራሱ ከዶሮው የዘለለው ነገር ነው። በልማዱ ሴት ዶሮ አታርድም። ባሏ ቤት ከሌለ፣ ያደገ ወንድ ልጅም ከሌላት፣ ዶሮዋን ይዛ በር ላይ ትቆምና የሚያልፈውን ጎረምሳ «እባክህ የኔ ልጅ፣ ይቺን ዶሮ እረድልኝ» ትለዋለች። እሱም በስመ አብ ብሎ ያርድላታል። የሚስት ሙያ መለኪያ የተባለው ወጥ እንግዲህ በወንድ እጅና በሥላሴ ስም ይጀመራል ማለት ነው። ትዳርንና እምነትን ከዶሮ ወጥ መማር ለሚፈልግ ከዚህ የሚሻል መነሻ አይገኝም፤ አንዱ ያለ ሌላው ሊጀምረው የማይችለው ሥራ ነውና። መካሪዎቹ ግን የሚወዱት መጨረሻውን፣ ሳህን ላይ የወጣውን ነው፤ ፈረሰኛ የተባለው ብልት ለአባወራው መድረሱን።

ፈረሰኛው ማዕረግ ነው። ማዕረጉ በሕግም የተደገፈበት ጊዜ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር፤ ባል ሠራተኛ ለማቅረብ ዐቅም ካነሰውም የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ያስገድድ ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀርቶ ተጋቢዎቹን በቤታቸው አስተዳደር እኩል አደረጋቸው። የሰርጉ ምክር ግን ዛሬም በአሮጌው ሕግ ይዳኛል። ከዚህ የሚብስም አለ። በከተማ በብዙ ቤት ሽንኩርቱን የምታቁላላው ሚስት ሳትሆን ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ናት። ዓይኗ የሚቃጠለው አንዷ፣ ትዕግሥቷ የሚመሰገነው ሌላዋ። የሌላ ሰው እንባ ባረፈበት ቁሌት ላይ ቆሞ የሚስትን ትዕግሥት መስበክ፣ በለዘብታ ለመናገር፣ ነውር ነው።

ሌላም የተዘነጋ ነገር አለ። የክርስቲያን ሥጋ ሙስሊም ጎረቤት አይበላውም፤ የሙስሊሙንም ክርስቲያኑ አይበላም። ሰርግ ላይ ለብቻ የሚታረደው፣ ለብቻ የሚሠራው፣ ለብቻ የሚቀርበው ለዚህ ነው። ዶሮ ወጥ ምንም ቢጣፍጥ ጎረቤትን ለሁለት የሚከፍል ገበታ ነው። ሽሮው ግን ሁለቱንም በር ያንኳኳል። ወሎን በመሰለ አገር፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በጋብቻ ሳይቀር በተሳሰሩበት፣ ዘመድ አዝማድ በአንድ ገበታ የሚቀመጠው በሽሮ፣ በጎመንና በምስር ነው። መጽሐፈ ምሳሌም በ15፥17 ፍቅር ያለበትን የጎመን ገበታ ጥል ካለበት የሰባ ፍሪዳ ያስበልጣል፤ የእኛም ሰው «ጎመን በጤና» ይላል። መጽሐፍና ተረት በአንድ ቃል የመሰከሩለት ምግብ በሰርጉ ምክር ላይ ስሙ አለመነሣቱ እንደ ቀላል ስህተት አይታየኝም። መካሪው ለትዳር የሚመኘው ምን እንደሆነ ይናገራል፤ የሚመኘው ዓመት በዓል ነው። ትዳር ደግሞ አብዛኛው ተራ ማክሰኞ ነው።

ከማክሰኞ ቀጥሎ ረቡዕ ይመጣል፤ ጾም ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ማድቤት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን የሚኖረው በጾም ሕግ ነው፦ ረቡዕና ዓርብ፣ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ሦስቱ የነነዌ ቀናት። የጾሙ ድስት ከፍስኩ ድስት ይለያል፤ ቢላዋው ሳይቀር የሚለይበት ቤት አለ። ሁዳዴ ሳይገባ ስልጆው ይበጠበጣል፤ የባቄላው ዱቄት ከሱፍና ከሰናፍጭ ጋር ተዋሕዶ እስኪቦካ ቀናት ይፈልጋል። ሱፉ ይታመሳል፣ ተልባው ይፈጫል፣ ሽሮው ይመጠናል። ይህ ሁሉ ሥራ በሴቷ ጫንቃ ላይ መውደቁን አልክድም፤ የጾም ማጀት ከፍስኩ ይልቅ ጽድቅ የሞላበት ነው ብዬም አልከራከርም። አንድ ነገር ግን እውነት ነው። በጾም ገበታ ላይ ባልና ሚስት በአንድ ሕግ ሥር ይቀመጣሉ። ሽሮ ፈረሰኛ የለውም። ሕጉም ከገበታው አልፎ መኝታ ቤት ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያን በጾም ወራት ከሩካቤ መታቀብን ታስተምራለች፤ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ይህ መለያየት በሁለቱ ስምምነት፣ ለጊዜው ብቻ እንዲሆን ይመክራል። አንድ ቁጥር ከፍ ብሎም የባል ሥጋ የሚስት፣ የሚስት ሥጋ የባል መሆኑን አጣምሮ ይናገራል። በድስትና በአልጋ መካከል ያለው መስመር ከዚህ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ የለም፤ የትዳር ምክራችን ግን አንዳች ሳይል ያልፈዋል።

አሁን ወደ ጨው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት ወጥ ስትሠራ አትቀምስም። የበርበሬውን ብስለት በሽታው፣ የሽሮውን ውፍረት በማማሰያው ክብደት፣ የጨውን ልክ በመዳፏ ታውቃለች። በጣም ከተጠራጠረች ጾም ያልደረሰበትን ልጅ ጠርታ «እስቲ ቅመስልኝ» ትላለች፤ የቤቱ የወጥ ዳኛ የዚያን ቀን የአምስት ዓመት ልጅ ይሆናል። ይህን ቀላል ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በሃይማኖት መኖር ሲባል ረቂቅ ነገር ይመስለናል። እዚህ ግን አንዲት ሴት ያልቀመሰችውን ምግብ ለሚወዳት ሰው ታቀርባለች፤ የሚበላውም ሳይቀመስ የመጣ መሆኑን እያወቀ ይቆርሳል። ጨው ቢያንስ ወይም ቢበዛ ጥፋቱ የማን ነው? የማንም አይደለም፤ የጾሙ ነው። በፍስክ ቀን የጨው ማነስ የሴቲቱ ነውር ይሆናል፤ በጾም ቀን ያው ጉድለት ይቅር ይባላል። ይቅርታው ሳይለመን፣ ይቅርታ መሆኑም ሳይታወቅ ይሰጣል። አሥራ ሁለቱ ብልቶች አንድ ላይ ተሰብስበው ይህን አይነግሩኝም።

ወደምወደው ደረስኩ፤ አብሲት። አንባቢ ሥራውን ቢያውቀውም ቅደም ተከተሉን ላስታውስ። የጤፉ ዱቄት በእርሾ ይቦካል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከላይ የጠለለው ውሃ ይደፋል። ከዚያ ከሊጡ ላይ ጥቂት ይነሣና በፈላ ውሃ እየተማሰለ ይበስላል፤ በርዶ ለብ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሊጡ እንደገና ኩፍ ይላል፤ ምጣዱ ላይ ሲፈስም ዓይን ያወጣል። ሙቀቱ ወሳኝ ነው፤ ትኩሱን የደፋች እርሾውን ትገድላለች፤ ጭራሹን የተወች ዓይኑ ያልጠራ እንጀራ ታወጣለች። ከአብሲት በፊት ያለው ሥራ ሁሉ መጠበቅ ነው፤ አብሲት ግን ውሳኔ ነው። ሊጡን አይቶ፣ አሽትቶ፣ የአየሩን ብርድና ሙቀት ገምቶ «አሁን» የሚል ሰው ይፈልጋል።

እንግዲህ የአንድምታን መንገድ ካነሣን እስቲ እንሞክረው። አንድም፦ የተነሣው ጥቂት ሊጥ ጾሙ ነው፤ ከዓመቱ ተከፍሎ በእሳት አልፎ ወደ ዓመቱ ይመለሳል፤ የሚያነሣውም ቀሪውን ቀን ነው። አንድም፦ የተነሣው ከሁለቱ ተጋቢዎች አንዱ ነው፤ በሐዘን ወይም በሕመም ለብቻው ይበስላል፤ ሲመለስ ግን ትኩሳቱን ይዞ እንዳይገባ መብረድ አለበት፤ ያለዚያ የቀረውን ይገድላል። አንድም፦ የተነሣው ቃሉ ነው፤ ሰምቶ ለብቻ አስቦ ለቤት ማካፈል። ሦስተኛው ከሁለቱ ይደክማል፤ ከሥራው ጋር የሚገጥመው በግድ ነውና እተወዋለሁ። ሁለተኛውን ግን ማንም ቢነቅፈው አልለቅም፤ ምክንያቱም የመብረዱን ሕግ የፈለሰፍኩት እኔ ሳልሆን ሊጡ ነው። ወንጌሉም በማቴዎስ 13፥33 መንግሥተ ሰማያትን ለማስረዳት ሴት በዱቄት ውስጥ የሸሸገችውን እርሾ ወስዷል። ተርጓሚዎች ሦስቱን መስፈሪያ ለመፍታት ብዙ ደክመዋል፤ የምሳሌው ክብደት ግን ያረፈው በመሸሸጉና ሁሉም እስኪቦካ በሚያልፈው ጊዜ ላይ ነው፤ የሴቷ እጅ በሠራው ላይ።

ዛሬ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም እንጀራ ከሱቅ የሚገዛ ባለትዳር ብዙ ነው። አብሲት ያልጣለች ሙሽራ የአብሲትን ምሳሌ ብትሰማ ላይገባት ይችላል የሚል ክርክር ይነሣል። እሺ፤ ግን ዶሮዋም በከተማ ታርዳና ተገነጣጥላ ትሸጣለች፤ ምሳሌዋን ግን የተወ የለም። ለድግስ ያለን ፍቅር በተመራማሪዎችም ዘንድ የታየ ነው። ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፍ ሰፊ ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1887 እቴጌ ጣይቱ ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ላዘጋጁት ድግስ ነው። ለታሪክ ጸሐፊ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድግስ ምስክር ይተዋል፣ ሽሮ አይተውም። ለትዳር መካሪ ግን ይህ ሰበብ አይሠራም።

የሰርግ ምርቃት «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» ይላል። ዘፍጥረት 18ን ገልጦ ያነበበ እዚያ ቤት ማን ምን እንደሠራ ያያል። ሣራ ዱቄቱን አቦካች፤ አብርሃም ወደ ከብቱ ሮጠ፣ ጥጃውን ራሱ መረጠ፣ ቅቤውንና ወተቱን አምጥቶ አቀረበ፤ እንግዶቹ ሲበሉም ከዛፉ ሥር ቆሞ አስተናገደ። የመቶ ዓመት ሽማግሌ ሊሆን ጥቂት የቀረው፣ የብዙ ሎሌ ጌታ፣ ይሮጣል። በእርሱ ስም የሚመረቁት ሙሽሮች ይህን ሩጫ ከመድረክ ሲሰሙ አላጋጠመኝም።

ከሁሉ የማይገባኝ ደግሞ ይህ ነው። በየደብሩ ከቤተ መቅደሱ ጎን ቤተ ልሔም አለ፤ ሴት አትገባበትም። ሰሞነኛው ዲያቆን የስንዴውን ዱቄት ያቦካል፣ ኅብስቱን ይጋግራል፣ ዘቢቡን ዘፍዝፎ ይጨምቃል። የሊጥን ጠባይ፣ የእሳትን ልክ፣ ያልቀመሱትን መጋገር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ እሱም ጾሞ ነው የሚጋግረው። ዛሬ በሰርግ መድረክ ማይክራፎን ከጨበጡት መካከል በልጅነታቸው ይህን ተራ የወጡ ብዙ ናቸው። እጃቸው ሊጥ ያውቃል፤ አፋቸው ግን ዶሮ ይቆጥራል። ለሙሽራው ስለ ሊጥ ከእነርሱ የሚቀርብ ምስክር ከየት ይመጣል?