በር መዝጋትና አፍ መዝጋት

በር መዝጋትና አፍ መዝጋት አንድ አይደሉም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በጀርመን አገር ኦይገን ሮችኮ የጀመረው ማስቶዶን የተባለው ማኅበራዊ መገናኛ ይህን ያስረዳል። አንድ ጌታ የለውም፤ እያንዳንዱ ሰርቨር በየራሱ አስተዳዳሪና ደንብ ይኖራል። በ2019 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርን በማስተናገድ የተነቀፈው ጋብ ይህንኑ ለሁሉ የተፈቀደ ፕሮግራም ወስዶ ቢሠራበት፣ ብዙዎቹ ሰርቨሮች ግንኙነታቸውን ቆረጡ፤ ጋብ ግን በገዛ ቤቱ መናገሩን ቀጠለ። እኛም አሠራሩን እናመሰግናለን፤ የመናገር ነጻነት ጎረቤትን በግድ አድማጭ አያደርግምና። ነቀፌታችን አንድ ነው፤ አንድ ሰርቨር በሙሉ ሲታገድ ያላጠፋውም ሰው ከወዳጁ ይለያል። ስለዚህ በር የሚዘጋ አስተዳዳሪ ምክንያቱን ለቤተ ሰቡ ሊገልጽ ይገባዋል እንላለን፤ ያለ ምክንያት የተዘጋ በር ከተዘጋ አፍ አይለይምና።