ስምና አስማት፤ ክታብንና ዐውደ ነገሥትን እንደ ሥነ ጽሑፍ ስለ ማንበብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚሆን ርእስ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ከአያቱ የወረሰውን የብራና ክታብ ከጨርቅ አውጥቶ በጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። በክታቡ ሦስት ቦታ ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በላዩ የአያቱ የክርስትና ስም ተጽፏል። «በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? የሚነገርለትስ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ጉዳዩ የእምነት ጥናት እንጂ የሥነ ጽሑፍ አይደለም ብዬ መለስሁት። ተማሪው በሌላ ርእስ ተመረቀ፤ ክታቡም ለቅርስ ነጋዴ መሸጡን በኋላ ሰማሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ ነው።

የአስማት መጻሕፍት ጨርሶ አልተጠኑም ማለት አይቻልም። ኤኖ ሊትማን አርድእት የተባለውን መጽሐፍ በ1904 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ማርሴል ግሪዮል በ1930 የአንድን ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ፣ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1955 የመፍትሔ ሥራይ ጸሎቶችን፣ ዣክ መርሲዬም በ1979 ጠልሰም ያለባቸውን ክታቦች ለአንባቢ አቅርበዋል። ሆኖም እነዚህ ጥናቶች በአመዛኙ ጽሑፉን የሃይማኖት፣ የሕክምና ወይም የሥዕል ታሪክ ምንጭ አድርገው ይመለከቱታል። እኛ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ያለነው ደግሞ ገሚሳችን በንቀት፣ ገሚሳችን በፍርሃት እናልፈዋለን። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመጽሐፈ ብርሃን ጥንቆላንና አስማትን አጥብቀው አውግዘዋል። ማውገዝ የእርሳቸው ተግባር ነበር፤ የእኛ ተግባር ግን ማንበብ ነው።

ንባቡ ከቃሉ ይጀምራል። «አስማት» በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። በአማርኛ ትርጉሙ ወደ ምትሐት ቢዞርም የጽሑፎቹ አሠራር የጥንቱን ፍቺ አልለቀቀም። ክታብ ስሞች የሚደረደሩበት ጽሑፍ ነውና። በአንድ ወገን የአምላክና የመላእክት ኅቡእ ስሞች፣ በሌላ ወገን የአጋንንት ስሞች፣ በመካከል ደግሞ የባለቤቱ ስም ይገኛሉ። አስቀድሞ በተዘጋጀ ክታብ የባለቤቱ ስም ስፍራ ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ገዢው ሲመጣ ይሞላል።

ይህ ባዶ ስፍራ ከትረካው ጋር ያለው ግንኙነት በጸሎተ ሱስንዮስ ጎልቶ ይታያል። ታሪኩ የታወቀ ነው። ውርዝልያ የምትባል ሴት የሱስንዮስን ሕፃን ትገድላለች። እርሱም በፈረሱ ተቀምጦ፣ ጦሩን ይዞ ይፈልጋታል፤ ከአጋንንቷ ጋር አግኝቶም ይወጋታል። እርሷም ስሙ ባለበት ስፍራ ላለመድረስ ትምላለች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ተራ የጀግና ተረት በሆነ ነበር። ነገር ግን መሐላው ያለፈውን ጊዜ ወደ አሁን ያሻግረዋል። ሱስንዮስ አንድ ጊዜ ወጋ፤ መሐላው ግን ክታቡ በተነበበ ቁጥር ይጸናል። ቀጥሎ የባለቤቲቱ ስም ሲመጣ፣ ልጅ እንዳይሞትባት የምትሰጋው እናት አድማጭ መሆኗ ቀርቶ በታሪኩ ውስጥ ትገባለች። ስሟ ተፍቆ ሌላ ሲተካ ባለታሪኳ ትለወጣለች፤ ትረካው ግን ያው ነው። እንግዲህ የተማሪዬ ጥያቄ የተራኪና የተደራሲ ጥያቄ ነበር። ከዚህ የበለጠ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ የለም።

ዐውደ ነገሥት ስምን የሚጠቀምበት በሌላ መንገድ ነው። ፊደላት በቁጥር ይመነዘራሉ፤ የሰውየው ስም ከእናቱ ስም ጋር ተደምሮ በ12 ይገደፋል፤ ቀሪው ኮከቡን ያመለክታል። ከዚያ በኋላ የባለኮከቡ ጠባይ፣ ዕድልና ሕመም ይዘረዘራል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ግሡ ነው። በአማርኛ «ይቆጣል» ማለት ቁጡ ነው ማለትም፣ ወደፊት ይቆጣል ማለትም ይሆናል። መጽሐፉ ጠባይንና ዕጣን በአንድ ግሥ ስለሚናገር አንባቢው ስለ ጠባዩ የተነገረውን ካመነ ስለ ዕጣው የተነገረውንም ሳያስተውል ይቀበላል። የመጽሐፉ የማሳመን ኃይል ከከዋክብቱ ይልቅ በሰዋስው ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

«ይህ ጥንታዊና ንጹሕ የአገር ዕውቀት ነው» የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። ሐመል፣ ሠውር፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ አቅራብ፣ ሑት የሚሉት የኮከብ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። የሱስንዮስ ታሪክም በግሪክና በቅብጥ ዘመዶች አሉት። ይህ ግን ጽሑፎቹን አያሳንሳቸውም፤ ይልቁንም ለንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ የተመቹ ያደርጋቸዋል።

ለአማርኛ ጥናት ደግሞ የተለየ ጥቅም አላቸው። በደብተራ የመድኃኒት መጻሕፍት ጸሎቱ በግእዝ ሲሆን፣ ሥሩ እንዴት እንደሚቆረጥና ለማን እንደሚሰጥ የሚያዝዘው ክፍል ብዙ ጊዜ በአማርኛ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ ግሦቹ ትእዛዛዊ፣ ቃላቱም ከዕለት ኑሮ የተወሰዱ ናቸው። የአማርኛን ስድ ንባብ ታሪክ ከጋዜጣና ከልብ ወለድ የምንጀምር ከሆነ ይህን ሁሉ ከደጅ አስቀርተነዋል ማለት ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሐሳብ ሰምቶ «በእነዚህ መጻሕፍት ስንት ሰው እንደ ተጭበረበረ፣ ስንት በሽተኛም ከሐኪም እንደ ዘገየ ረሳኸው?» አለኝ። አልረሳሁም። ጽሑፉ እንዴት እንደሚያሳምን ማወቅ ግን ለማመን አያስገድድም፤ እንዲያውም ከመታለል ይጠብቃል። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የዐውደ ነገሥት ኅትመትም ሳልነቅፍ አላልፍም። በእጄ ያለው ቅጂ ከየትኛው የእጅ ጽሑፍ እንደ ተቀዳ፣ ማን እንዳረመው አይገልጽም። አንባቢው ዕጣዬ ነው ብሎ የሚያነበው የጸሓፊ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ተማሪ ክታብ ይዞ ቢመጣ አስቀድመን እንዲያነብልን እናድርግ፤ የተፋቀውንም የተጻፈውንም ይመዝግብ። እኔ የመለስሁት ክታብ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ከተፋቀው ስም ሥር የማን ስም እንደ ነበረ ሳንመረምር ቀርተናል።