«ሰላማት» በታጋሎግ ቋንቋ፤ የአንድ ቃል አመጣጥና ትርጓሜ

በፊሊፒን ደሴቶች፣ በማኒላ ከተማና በዙሪያዋ የሚኖሩት የታጋሎግ ሰዎች ሲያመሰግኑ «ሰላማት» ይላሉ፤ የሚያመሰግኑት ታላቅ ሰው እንደ ሆነ የአክብሮት ቃል ጨምረው «ሰላማት ፖ» ይላሉ። ግዕዝ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ «ሰላም» የሚለው ቃል ትዝ ይለዋል። ትዝታው ከንቱ አይደለም፤ ከድምፅ መመሳሰል ተነሥቶ ቋንቋዎቹን፣ አልፎም ሕዝቦቹን ማዛመድ ግን ከንቱ ነው። ሌሎች ደግሞ «ከዐረብኛ የመጣ» የሚለውን የመዝገበ ቃላት አጭር ፍች አይተው፣ ታጋሎጎች ቃሉን የተቀበሉት ከእስልምና ጋር ነው ብለው ይደመድማሉ። ይህም ቢሆን ሳይመረመር የሚታለፍ አይደለም።

የዝምድናው ነገር ብዙ አያከራክርም። ታጋሎግ ከማላይኛ፣ ከጃቫኛና ከማዳጋስካር ቋንቋ ጋር የአውስትሮኔዥያ ቤተ ሰብ ነው፤ ግዕዝ፣ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ግን ሴማውያን ናቸው። «ሰላማት» ስለዚህ የውሰት ቃል ነው፤ ጥያቄው በየት በኩል ተዋሱት የሚለው ነው።

መልሱን የምታመለክተን የመጨረሻዋ «ት» ናት። በዐረብኛ «ሰላማ» ማለት ደኅንነት፣ ጤንነት ማለት ነው፤ በቃሉ መጨረሻ ያለችው የእንስት ምልክት ንባብ ሲቆም «ት» ሆና አትሰማም፤ ከሚከተለው ቃል ጋር ስትያያዝ ግን «ት» ትሆናለች። የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሰዎች ከዐረቦች አፍ እንደ ሰሙት በስዋሂሊ «ሰላማ» አሉ። ፋርስኛ፣ ኡርዱና ማላይኛ ግን «ት»ን አጽንተው ያዙ። ማላይኛው የወሰደው ከፋርስና ከሕንድ ነጋዴዎች ይሁን ከመጽሐፍ ንባብ፣ በ«ት» ብቻ አይወሰንም። የታጋሎጉ ቃል ግን ከማላይኛው «ሰለማት» እንደ መጣ ለመቀበል በቂ ምክንያት አለ፤ ማላይኛ የእነዚያ ባሕሮች የንግድ ቋንቋ ነበርና። በ1521 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ማጄላን ወደ ቪሳያ ደሴቶች በደረሰ ጊዜ ማላይኛ ተናጋሪው ባሪያው ኤንሪኬ ከአገሩ ገዢ ጋር መነጋገር እንደ ቻለ ፒጋፌታ ጽፏል።

የትርጓሜው ነገር ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። በማላይኛ ቃሉ ደኅና፣ ከአደጋ የራቀ ማለት ነው፤ ለሚሄደው «ሰለማት ጃላን»፣ ለሚቀረው «ሰለማት ቲንጋል» ይባላል። በጃቫ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚበላው ግብር «ስላመታን» ይባላል፤ ክሊፎርድ ጊርትስ በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ «ስላመት» መሆንን ምንም ክፉ ነገር አለመድረሱ ነው ሲል ተርጉሞታል። ነገር ግን ማላዮች ሲያመሰግኑ ይህን ቃል አይሉም፤ «ተሪማ ካሲህ»፣ ፍቅርን መቀበል፣ ይላሉ። ስለዚህ «ምስጋና» የሚለውን ትርጓሜ ታጋሎጎችና ጎረቤቶቻቸው ራሳቸው ሰጡት እንጂ ከውጭ አብሮ አልመጣም። በእኔ አስተያየት መንገዱ ምርቃት ነው፤ የተቀበለ ሰው ለሰጠው ደኅንነትን ይመኛል፤ ምኞቱም በልማድ ብዛት ምስጋና ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በቃሉ ሲታይ ምርቃት ነው፤ በሥራው ግን ምስጋና ነው። የእኛ ልማድ ለታጋሎጉ ማስረጃ ባይሆንም፣ እንዲህ ያለው ለውጥ ሊሆን የሚችል መሆኑን ያሳያል። ከዚያ በኋላ ቃሉ ፈጽሞ የአገር ሰው ሆነ፤ የታጋሎግን ቅጥያ ተቀብሎ «ማግፓሳላማት»፣ ማመስገን፣ ተባለ።

ወደ ሃይማኖቱ ጥያቄ እንመለስ። ማኒላን እስፓኞች በ1571 ከመያዛቸው በፊት ከገዢዎቿ አንዱ የነበረው ሱላይማን እስላም ስለ ነበረ እስልምና ከነገሩ ፈጽሞ አልነበረበትም ማለት አይቻልም። ነገር ግን በሱሉ የሚኖሩት ጥንታውያን እስላሞች ታውሱጎች ሲያመሰግኑ «ማግሱኩል» ይላሉ፤ ይህ «ሹክር» ከሚለው ከሌላ የዐረብኛ ቃል የወጣ ነው። «ሰላማት» የሚሉት የሴቡ፣ የሂሊጋይኖንና የቢኮል ሰዎች ደግሞ በብዛት ክርስቲያኖች ናቸው። ከታጋሎጎች ጋር በአንድ ደሴት የሚኖሩት ኢሎካኖዎችም «አግያማናክ» በሚል በራሳቸው ቃል ያመሰግናሉ። የቃሉ ወሰን ከሃይማኖቱ ወሰን ጋር አይገጥምም።

በዚሁ ዐይን ሊታይ የሚገባው ሌላ ቃል «ሁኮም» ነው። በማላይኛ «ሁኩም» ሕግ ነው፤ በታጋሎግ «ሁኮም» ዳኛ ነው፤ ከዚያው የዐረብኛ ሥር ወደ እኛ የመጣው «ሐኪም» ደግሞ በሽተኛ ይፈውሳል።